ከማልቀሴ በፊት

የስልኩን ቁጥር የጻፈው ራሱ ነው፣ በቀይ፣
ከወተት ሂሳቡ ጎን፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ።
«አፈር ስሆን፣ ሞራግ፣ መጀመሪያ ደውዪ፤
ዓይኔን ኋላ ክደኚው፤ እንባሽንም አቆዪ።
አንጎል እንደ ዓሣ ነው፣ በረዶ ካጣ አለቀ፤
ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ይህን እጅሽ አወቀ።»
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሸጥኩ፣ ኒውሄቨን ወደብ ዳር፤
በረዶ የሚያቆየውን አውቃለሁ፣ የማያቆየውንም ነገር።

ወረቀቱን የፈረመ ዕለት ይዘንብ ነበር ኤድንብራ፤
ነርሷ ኡና ዘርግታው፣ ከሻዩ ከብስኩቱ ጋራ፣
አንድ በአንድ አነበበችው፦ አንጎል። ህብለ ሰረሰር።
ጉበት። ከአንጀት ትንሽ ቁራጭ። ንፍፊት፣ ከብብት ሥር።
ሳጥን አለ በየፊቱ፣ እሺም እምቢም የሚባልበት፤
እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለ፣ የብስኩት ፍርፋሪ እየረገፈበት።
«አንጎሌ ውስጥ» አለ፣ «የድሮ የኳስ ውጤት ነው የሚያገኙት።»
ከአንጀት ዘንድ ሲደርስ ግን ብዕሩን አንስቶ ቆየ፤
«ኤልስፔት አንጀት የለህም ብላኝ ነበር» አለ፤ «ይኸው ታየ።»

አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፣ ሥራ ያጡ፣ አንድ ደረጃ ሥር፤
አንድ መርፌ ለአሥራ አንዱ፣ እንደ ሲጃራ የሚዞር።
ሁለት እንግዳ አስገባ መርፌው፣ ደሙ ውስጥ በአንድ ሌሊት፤
ኤች አይ ቪ ዘበኛውን ፈጀ፣ ሌላው ጎጆ ቀለሰ ከጉበት።
ለእናታችን «ሳንባው ነው» አልናት፤ አመነች መሰለን እሷ፤
ሹካውን ግን ለብቻ ታጥብ ነበር፣ ማታ ማታ፣ ራሷ።
«ሆድ ይፍጀው» አልን ሁላችን። ሆድ የታዘዘውን አይረሳ፤
ፈጀው።
ጉበቱን ከፈጀ በኋላ ነው ወሬው ከአልጋ የተነሳ።

አሥሩን ቀበርን በየተራ፣ ሳጥናቸው ቶሎ ተቸንክሮ፤
ሬሳ አጣቢው እምቢ ብሎ፣ ሰባኪው ከደጅ ተናግሮ።
ማንም አልጠየቀም ያን ጊዜ፣ ውስጣቸው ምን ነበር ብሎ።
«የነሱንም ጭምር ነው የምሰጠው» አለኝ ዱጋልድ አንድ ማታ፤
«የተጠየቅሁ እኔ ብቻ ነኝ።»
ከዚያ ዞረ ወደ ግድግዳው፣ በዝምታ።

ኅዳር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ትንፋሹ ቆመ።
እጄ ወደ ዓይኑ ሄደ፤
መለስኩት።
ደወልኩ።
ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የቤቱን ቁጥር፣
እንደ ዓሣ ዋጋ ጠራሁት።

ሁለት ሆነው መጡ፣ ቃሬዛ ይዘው፤ ታናሹ ገና ልጅ፤
ዝናቡ ከኮፍያው እየተንጠባጠበ ቆመ ከደጅ።
«ይቅርታ፣ እንግባ?» አለኝ።
«መጀመሪያ በረዶህን አሳየኝ» አልኩት።
ግራ ገባው። ሳጥኑን ከፈተው።
የደቀቀ፣ ደረቅ፣ ነጭ።
በመዳፌ መዘንኩት። ጥሩ በረዶ ነበር።
«ራሱን ክበቡበት» አልኩ፤ «ከማጅራቱም አትርሱ።»

በሦስተኛው ቀን መለሱልን፣ ተሰፍቶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ፤
እንዲያ አምሮበት አያውቅም ነበር፣ በቁሙ፣ ሙሉ ኖሮ።
ቀበርነው። ሁሉም ግን አፈር አልሆነም።
በሳምንቱ ወተት ላወጣ ማቀዝቀዣውን ስይዝ፣
ቁጥሩ አለ፣ በቀይ።
ያቆየሁት ያኔ መጣ፤ ወተቱ ፈሰሰ፤ እኔም።

ከስምንት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ከላዩ ቁጥር ያለበት፣
ስም የሌለበት።
ሦስት ምርምር ላይ ውሏል ይላል። ምን እንዳገኙ አይልም።
የቀረው ይቀመጣል ይላል፣
ገና ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ።

ሐሙስ ሐሙስ አውቶቡሱ በዚያ ሕንፃ በኩል ያልፋል።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከግራ አራተኛው መስኮት፤ እጄን አነሳለታለሁ።
ኋላ ኡና ነገረችኝ፦ እሱ የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ነው፤
ማቀዝቀዣዎቹ ምድር ቤት ናቸው፣ መስኮት የላቸውም።
ይሁን።
ሳህን የምታጥብ ሴት አለች እዚያ፤
እጇን ከአረፋው አውጥታ
ትመልስልኛለች።